ያልተተኛበት አልጋ

ጥቅምት 6

እቴቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ስል ሳቄ መጣ። ባለፈው “ያንቺ ሰላምታ እንኳን ይሮጣል” ብለሽኛልና። እሺ፣ ዛሬ ቀስ ብዬ ነው። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ሐይቁስ?

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እየበላሁ ነው። አዎ፣ አባዬ ደህና ነው፤ ሳሉም ትቶታል። አይ፣ እንደምጽፍልሽ አያውቅም። ብደውልልሽ ይቀለኝ ነበር፤ ግን “በስልክ ስትጣደፊ ግማሹ ቃል መንገድ ላይ ይቀራል” ካልሽኝ ወዲህ ወረቀት ለምጃለሁ።

ሥራ አገኘሁ። የት እንደሆነ ከመንገሬ በፊት ተቀመጪ። የፋኖስ መኖሪያ ቤት ሙዚየም ሊሆን ነው። አንቺ “ሰውዬው” የምትዪው፣ አባዬ ዛሬም በጫካ ስሙ የሚጠራው፣ ነጻ ያወጣን፣ ከዚያም እስኪሞት ድረስ ከወንበሩ ያልተነሣው ሰው። የታሪክ ዲግሪዬን አይተው “ሁለተኛው ፎቅ ያንቺ ነው” አሉኝ። እዚያ ምን እንዳለ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ። መኝታ ቤቱ ነው።

ቤቱ ተኝቷል፣ እቴቴ። መጋረጃው ተኝቷል፣ ደረጃው ተኝቷል፤ ስረግጠው እንደሚቃዥ ሰው ያቃስታል። እኔ ደግሞ መቀስቀስ እወዳለሁ።

ችግሩ ኮሚቴው ነው። ግማሹ የቀድሞ ታጋዮች፣ ግማሹ በእሱ ዘመን የታሰሩና የጠፉ ሰዎች ቤተሰቦች ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ ሁለት አገር ያወራሉ። ታጋዮቹ “ፋኖስ እዚህ ገብቶም መሬት ላይ ነበር የሚተኛው፤ ሰሌንና ግራጫ ብርድ ልብስ ይነጠፍ” ይላሉ። ቤተሰቦቹ “ልጆቻችንን ሲሚንቶ ላይ እያስተኛ እሱ የተንፈላሰሰበት አልጋ ይታይ” ይላሉ። አልጋውም አለ፤ ራስጌው ላይ ወይን የተቀረጸበት፣ መርከብ የሚያህል። ኃላፊዬ “ክፍሉ ራሱ ይናገር” ይላል፤ የሚናገረው ሲያጣ የሚላት ነገር ናት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ “አጣርተሽ፣ በሩ ላይ የሚሰቀለውን ጽሑፍ ጻፊ” አለኝ።

ጫካ አብሮት የነበረውን አባዬን ጠየቅሁት። “መሬት ላይ ነው” አለ፣ ሳያመነታ። ያን ሁሉ ዓመት ያሰረውን ሰው ፎቶ ራስጌው ሰቅሎ በየሳምንቱ መስተዋቱን ይወለውላል፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሠራሽውና የከበርሽው አንቺ ደግሞ ስሙን መጥራት አትወጂም። የእናንተ ነገር ግራ ያጋባኛል።

አልጋውን ታነጥፊ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ንገሪኝ፤ የት ነበር የሚተኛው?

ያንቺው ቀዥቃዣ


ጥቅምት 17

ልጄ፣

ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይቀየማል እንጂ ደህና ነኝ። ሐይቁም አለ፤ የት ይሄዳል። የእንግዳ ማረፊያችንን አዲስ ባለቤት ገዝቶ ሆቴል ብሎታል፤ አንሶላው ግን ያው ነው። ጠዋት አጥበን ገመድ ላይ ስንሰቅለው ነፋስ ይሞላውና ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ሊበር የተዘጋጀ ይመስላል። አንዳንድ ቀን ቆሜ አየዋለሁ፤ ይብረር እንጂ ምን ቸገረኝ እላለሁ።

እንኳን ደስ ያለሽ። ከቤት ሁሉ ያን ቤት ማግኘትሽ ግን አይገርምም? አንቺ ድሮም የተዘጋ በር ካየሽ እግርሽን ያሳክክሻል።

ስለ አልጋ አትጠይቂኝ። በዕድሜዬ ያነጠፍኩትን ሁሉ ብደረድረው አንቺ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ እላዩ ላይ እየተንከባለልሽ ልትጠይቂኝ ትችያለሽ። ሰውዬው የት ነው የሚተኛው ለሚሉሽ፣ አሁን አፈር ውስጥ ነው የተኛው። ይሄን ጻፊና ሁለቱም ወገን ይፈርምልሽ።

ለሥራሽ የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገርሽ። የምሥራቁ መስኮት መዝጊያ አልከፈት ብሏችሁ ይሆናል። አትግፊው። መጀመሪያ ወደ ላይ አንሺው፤ እንደ መሳቅ ይላል። ያኔ ግፊው። ፀሐይዋ በዚያ ስትገባ መጀመሪያ የምትነካው ወለሉን ነው።

ስለ አባትሽ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። ሳሉ ስለተወው ደስ ብሎኛል። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።

አክስትሽ


ጥቅምት 26

እቴቴ፣

መዝጊያው ሳቀ። ወደ ላይ ሳነሣው ኪኪኪ አለና ተከፈተ። አናጢዎቹ ሲታገሉት ሰንብተው ነበር፤ አንደኛው “ይቺ ልጅ ጠንቋይ ናት እንዴ?” አለ። ኃላፊዬ “አላልኳችሁም፣ ክፍሉ ተናገረ” አለ።

ብርሃኑ ሲገባ ምን ልበልሽ። ወለሉ ላይ እንደ ውሃ ፈሰሰና አልጋው እግር ሥር ሲደርስ ቆመ፤ ወደ ላይ መውጣት ያፈረ ይመስል። ጫማዬን አውልቄ መሐሉ ገባሁ። ቆሜ ሕልም አየሁ ብልሽ አትሳቂ። አንቺ ወጣት ሆነሽ አንሶላ ታራግፊያለሽ፤ አንሶላው ወደ ላይ ይወጣና አይወርድም፤ ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። ከሥሩ አንቺና አባዬ ልጆች ሆናችሁ ትሳሳቃላችሁ። አናጢው ሲያስል ነቃሁ።

ባለፈው ደብዳቤዬ “የከበርሽው” ማለት አልነበረብኝም። ይቅርታ። እናንተ ለምን እንደማትነጋገሩ ስጠይቅ ሁለታችሁም ያወረሳችሁኝ “ተይው” የሚል ቃል ብቻ ስለሆነ ነው።

አሁን ዜናዬን ስሚ። ፍራሹን ገለጥኩት። ያን ያህል ዘመን ሰው የተኛበት ፍራሽ ይሰረጉዳል አይደል? የዚህ መሐሉ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የሰረጎደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በመስኮቱ በኩል፣ ጠርዙ ላይ። ገባኝ። ፋኖስ እዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያስብ ነበር፤ ከዚያ ወርዶ መሬት ላይ ይተኛ ነበር። አባዬ ልክ ነው።

ሮጬ ቤት ሄጄ ነገርኩት። “አላልኩም?” አለ። “ፋኖስ አልተለወጠም። የተለወጡት በዙሪያው ያሉት ናቸው። እኔንም ያሰሩኝ እነሱ ናቸው፤ እሱ አያውቅም ነበር። ቢያውቅ አንድ ቀን አላድርም ነበር።” ይሄን ሲል ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ብታዪ፣ አንቺም ታምኚው ነበር።

ጽሑፉን ጻፍኩት። “ታጋዩ እስከ መጨረሻው መሬት ላይ ተኛ።” ታጋዮቹ አጨበጨቡ። ከቤተሰቦቹ ወገን አንዲት እናት ቦርሳዋን አንሥታ “የእኔም ልጅ መሬት ላይ ነው የተኛው፤ ለእሱም ጻፊለት” ብላኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምሳ አልወርድልኝ ብሏል። ግን እውነት እውነት ነው፣ አይደለም?

ቀዥቃዣሽ


ኅዳር 4

ቀዥቃዣዬ፣

እጅሽን ከዚያ ጽሑፍ ላይ አንሺ።

ፍራሹ ጠርዝ ላይ ያየሽው ጉድጓድ የሰውዬው ሐሳብ አይደለም። የእኔ መቀመጫ ነው። ዲግሪሽን አልሰደብኩም፤ ግን የአክስትሽን መቀመጫ እንደ ታላቅ ሰው ሐሳብ ቆጥረሽዋልና ከእንግዲህ በአክብሮት እንድታዪው።

ታጋዮቹ ከተማ እንደገቡ ሰሞን ነው። እዚያ ቤት ያስገባኝ አባትሽ ነው፣ “እህቴ እጇ ንጹሕ ነው” ብሎ። ሰውዬው አልጋ ላይ መተኛት አልቻለም። ጫካ ለምዶ፣ ፍራሹ ሲነቃነቅ ታንኳ ላይ ያለ ይመስለው ነበር። ወለሉ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ይተኛል። ታዲያ የውጭ እንግዳ ይመጣል፤ ፎቶ አንሺ ይመጣል። አንድ ጠዋት እንደ ተማሪ አፍሮ “እቴቴ፣ መሪያቸው አልጋ እንኳን የለውም እንዳይሉን፣ ይሄን የተተኛበት አስመስይልኝ” አለኝ። ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ፤ ትራሱን ደቃሁ፤ አንሶላውን ጨመደድኩ። እሱ በር ላይ ቆሞ “ትንሽ ወደ ግራ፤ እኔ በግራ ጎኔ ነው የምተኛው” ይለኛል። ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። ያን ጊዜ ወድጄዋለሁ፤ አልዋሽሽም። አገር በሙሉ ይወደው ነበር፤ እኔ ደግሞ ምስጢሩን ይዤለት።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ፤ ሰውዬው ሰው እየፈራ መጣ። መኝታ ቤቶቹ በዙ። የት እንዳደረ ማንም እንዳያውቅ በየጠዋቱ የሁሉንም አልጋ መጨማደድ ሥራዬ ሆነ። የሚተኛው አሁንም መሬት ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱም ያው ግራጫው ነው። በር ላይ ቆሞ መሳቅ ግን ቀረ። በፊት እንዳያፍር ነበር፤ ኋላ እንዳይገደል። እጄ ያው እጅ፣ አንሶላው ያው አንሶላ ነው፤ እኔ ግን ቤት ስገባ እጄን ደጋግሜ መታጠብ ጀመርኩ።

መሬት ላይ ተኛ ብትዪ አልዋሸሽም። አንዲቷ እናት ግን ቦርሳዋን ይዛ የወጣችው በከንቱ አይደለም።

ይሄን ለአባትሽ አታንብቢለት።

አክስትሽ


ኅዳር 11

እቴቴ፣

አታንብቢለት ብለሽኝ ነበር። አላነበብኩለትም። ነገርኩት።

ቆይ፣ አትቆጪ። ጽሑፉን ለበሩ ሊስለው ከያዘው ሠዓሊ እጅ መልሼ ወስጄ ስለነበር ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ውሸት ደግሞ ፊቴ ላይ አያድርም። ጫማውን እያሰረ ነበር።

“እቴቴ ናት በየጠዋቱ አልጋውን የምትጨማድደው” አልኩት።

ቀና አላለም። “ከማን ሰማሽ?”

“ከራሷ። እንጻጻፋለን።”

“አውቃለሁ” አለ። “የፖስታ ቤቱ ሰው ጓደኛዬ ነው። ሳሌንም ሳትነግሪያት አልቀረሽም።”

ይሄን ሁሉ ጊዜ ተደብቄ የነበርኩት ከራሴ ብቻ ነው እንግዲህ። ልስቅ ስል ፊቱን አየሁት፤ አልሳቅሁም።

“የተተኛበት ስታስመስል” አለ፣ “እኔ የት ነበርኩ? እሱን ጠይቂያት። የተፈታሁ ዕለት መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ጋ ነው። መያዜን ለፋኖስ ነገርሽው? አልኳት። አልነገርኩትም አለችኝ። በየጠዋቱ እያየችው። አንድ ቃል ብትተነፍስለት ያስፈታኝ ነበር። እሷ አፏን ዘግታ ሐይቅ ዳር ተሾመች።”

ከዚያ ያሰረውን ጫማ ፈታና ተመልሶ ተኛ። በቀትር። አባዬ በቀትር ተኝቶ አያውቅም።

የመክፈቻው ቀን እየደረሰ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኛል። ክፍሉ ውስጥ ስገባ ሁሉም ነገር ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል። ስለ ሰውዬው መጠየቄን ትቻለሁ። የምጠይቅሽ ስለ አንቺ ነው። አባዬን የወሰዱት ዕለት ማግሥት ሥራ ገባሽ? እውነት አልነገርሽውም?

ተይው ካልሽኝ እተወዋለሁ። ግን አትበዪኝ።


ኅዳር 20

ልጄ፣

ስለቆየሁ ይቅርታ። እየጻፍኩ ስቀድ ነው የከረምኩት። ሐይቁ ሰሞኑን ጭጋግ ለብሷል፤ አንሶላው አይደርቅም፤ እኔም እንደ አንሶላው ነኝ።

አዎ፣ ገባሁ።

ሁሉንም አልጋ አነጠፍኩ። እናታችን እንዳስተማረችን፤ ማዕዘኑን እንደ ፖስታ አጥፌ፣ የትራሱን አፍ ከበሩ አዙሬ፣ በመጨረሻ በመዳፌ አንድ ጊዜ ዳበስ አድርጌ። ከዚያ አልጨማደድኩትም። አንዱንም። ከክፍል ክፍል እንደ ረጋ ውሃ ትቼው ወጣሁ። ጠባቂዎቹ አዩ፤ ቁርስ የሚያቀርበው አየ። ሰውዬው በየትኛውም አልጋ ላይ እንዳልተኛ ቤቱ በሙሉ አወቀ።

መጣና በር ላይ ቆመ።

“እቴቴ፣ አሞሻል?”

“ደህና ነኝ።”

“ምነው ታዲያ?”

“ወንድሜ ትናንት አልጋው ላይ አላደረም። የእሱ አልጋ ባዶ ሆኖ የእርስዎን የተተኛበት ማስመሰል እጄ እምቢ አለኝ።” ዕድሜዬን አንተ ስለው ኖሬ ያን ቀን እርስዎ አልኩት።

ማን ወሰደው አላለም። መቼ አላለም። የት ነው አላለም። ያኔ ገባኝ። ገባና ብርድ ልብሱን በገዛ እጁ ጎተተው፤ ትራሱን ደቃው። አልሆነለትም፤ ሕፃን የተጫወተበት አስመሰለው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የአንሶላውን ድምፅ ሰማሁ። በማግሥቱ ለሐይቁ ማረፊያ ተመድበሻል አሉኝ። ሰው ሹመት አለው።

አባትሽ ሲፈታ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነው የመጣው። ከመቀመጡ በፊት “እሱ አያውቅም ነበር” አለኝ። ጥያቄ አልነበረም። ያን ሁሉ ዘመን የተደገፈው ግድግዳ እሱ ነበር። ከዚያ “ነገርሽው?” አለኝ። ነገርኩት ብለው ግድግዳው እላዩ ላይ ይናዳል። ከእኔና ከፋኖሱ አንዱን ማጣት ነበረበት። እኔ ብሆን ይሻላል አልኩ። እህት ብትርቅም አትጠፋም።

አሁን አንቺ ታውቂያለሽ። በአፍሽ እንዳትነግሪው። በዚህ ቃልሽን ይዤሻለሁ።

እቴቴሽ


ታኅሣሥ 3

እቴቴዬ፣

በአፌ አልነገርኩትም፤ መጀመሪያውን ማለቴ ነው።

ክፍሉ ትናንት ተከፈተ። ከመስኮቱ ሥር ሰሌኑንና ግራጫውን ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። አልጋውንም አነጠፍኩ፤ እንዳስተማርሽኝ፣ ማዕዘኑን እንደ ፖስታ፣ በመጨረሻ በመዳፌ። ደግሜ ደጋግሜ ነው የሆነልኝ። አልጨማደድኩትም። ለእቴቴ ነው የማደርገው፣ ለማንም አይደለም እያልኩ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለማን እንደሆነ አላውቅም። በሩ ላይ “መኝታ ቤት” ብቻ ጻፍኩ። ኃላፊዬ “በቃ?” አለኝ። “ክፍሉ ራሱ ይናገር ይሉ የለ?” አልኩት።

ሰው ገባ። ታጋዮቹ ሰሌኑ ጋ ቆመው አለቀሱ። ቤተሰቦቹ አልጋው ጋ ቆመው ፎቶ አነሡ። ባለቦርሳዋ እናት ሁለቱንም አየችና “ሁለቱንም አስቀመጥሽው” አለችኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። ጠዋት ስለነበር ብርሃኑ እንደነገርሽኝ ወለሉን ሞላው፤ ሰዎቹ ውሃ ውስጥ ቆመው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

አባዬ የመጣው ሁሉም ንግግር ሊሰማ ሲወርድ ነው። ያችን አሮጌ ካፖርቱን ለብሶ። ሰሌኑ ጋ ይሄዳል ብዬ ነበር። አልሄደም። አልጋው ጋ ቆሞ ማዕዘኑን አየው፤ ለረዥም ጊዜ።

“ይሄ የእናታችን አነጣጠፍ ነው” አለ።

“እቴቴ አስተማረችኝ።”

“በየጠዋቱ ትጨማድደው ነበር አላልሽም? ይሄ ግን አልተጨማደደም።”

አልጋውን የከለለውን ገመድ አስተካከልኩ።

“የየትኛው ቀን ጠዋት ነው?”

ዝም አልኩ፣ እቴቴ። ቃሌን ይዤ። ግን የእኔን ፊት ታውቂዋለሽ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ወደ ኋላ እየሄደ ነበር፤ እሱን ሊወስዱ በሩን የሰበሩበት ማታ ድረስ ሄደ፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ወደፊት መጣ።

“ፋኖስ አየው?” አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። ግን ከእኛ መሐል አንድ ሰው ውሸት ሳያነጥፍ ይቅር አልኩ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

የቀረውን በቀስታ ነገርኩት፤ በእጁ እንደጎተተው፣ እንዳልሆነለት። ይፈርሳል ብዬ ልይዘው ተጠጋሁ። ሳቀ። ትንሽ፣ በአፍንጫው። “ጫካም እያለን ብርድ ልብስ ማጠፍ አይችልም ነበር” አለ። “እኔ ነበርኩ የማጥፍለት።” እንባው ከዚህ በኋላ ነው የመጣው።

ከዚያ ገመዱን ተሻግሮ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ በመስኮቱ በኩል፣ ጉድጓዱ ላይ። ጥበቃው ሮጦ መጣ። “አባባ፣ እዚያ መቀመጥ ክልክል ነው።”

“የእህቴ ቦታ ነው” አለው።

ጥበቃው እኔን አየኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ንግግሩ አልቆ ጭብጨባው እስኪሰማ ድረስ ተቀመጠ።

ቃሌን በልቼ ከሆነ ቅጪኝ። ማታ ቤት ስንገባ ወረቀት ጠይቆኛል።

ያንቺው


ታኅሣሥ 4

እቴቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ እንደሚያምሽ ልጅቷ ነገረችኝ። እኔ ደህና ነኝ። ሳሉ ትቶኛል፤ ይሄንንም ታውቂዋለሽ አሉ።

ደብዳቤ መጻፍ ረስቻለሁ፤ አጭር ቢሆን አትቀየሚኝ። እዚህ ዝናቡ ቀርቷል። ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ ቀይሬያለሁ። ልጅቷ አሁንም ትሮጣለች፤ ወዴት እንደሆነ ራሷም አታውቅም፤ ደግ ናት።

የፋኖስን ፎቶ አላወረድኩትም። ነጻ ያወጣን እሱ ነው፤ በዚህ ካንቺም ጋር ቢሆን እከራከራለሁ። ግን ከራስጌዬ አንሥቼ ሳሎን አውጥቼዋለሁ። ከእንግዲህ እንግዳ ነው።

የዚያን ቀን “ነገርሽው?” ብዬ ጠይቄሽ በሩን የዘጋሁት አዘጋግ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ይሄን በወረቀት አልችለውም፤ ፊት ለፊት ይሁን።

ልጅቷ ክፍሏን ለቅቃልሻለች፤ እሷ ሳሎን ከእንግዳው ጋር ትተኛለች። አልጋውን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፣ እናታችን እንዳስተማረችን። ማዕዘኑ ግን እምቢ ብሎኛል። መጥተሽ አስተካክዪው።

ከዚያ ተኚበት።

ወንድምሽ